የመጸው እንግዶች በሐሸንጌ ሐይቅ

(በመቀሌ ከተማ፣ ሓድነት ክፍለ ከተማ፣ በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል መናገር የተለመደ ነው። የዛሬው ንግግር ግን ስለ ወፍ ነው። ርዕሱ ለአንዳንድ አባል የሥራ ፈት ወሬ ሊመስለው ይችላል። ወፍ ማየት የፈረንጅ ቱሪስት ሥራ ነው የሚል አስተሳሰብ አለና። ነገሩ ሲታይ ግን በዚህ አገር ከአርሶ አደሩ የበለጠ ወፍ የሚያይ የለም። ማሽላው ፍሬ መያዝ ከጀመረበት ቀን አንስቶ ማማ ላይ ወጥተው፣ ወንጭፍ ይዘው፣ ከንጋት እስከ ምሽት ወፍ ሲያዩ የሚውሉት እርሱና ልጆቹ ናቸው። ልዩነቱ የሚያዩት ለማባረር መሆኑ ብቻ ነው።

ዛሬ የሚቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ማኅበራት በዓመት አንድ ጊዜ፣ በመጸው ወራት፣ አባሎቻቸውን በቡድን ይዘው ወደ ሐይቅ ይውረዱ፤ ያንኑ የለመደ ዓይን ለማባረር ሳይሆን ለመቁጠር ይጠቀሙበት። የሐይቅን ሕመም ከሰው ቀድመው የሚያሳዩት የውሃ ወፎች ናቸው። የሐይቅ ሕመም ደግሞ ውሎ አድሮ የእርሻና የከብት ሕመም ይሆናል።

እንግዶቹ ከየት ይመጣሉ?

በመስከረም ወር፣ እዚህ መስኩ በአደይ አበባ ሲያሸበርቅ፣ በአውሮፓና በሰሜን እስያ ብርድ ይጀምራል። ነፍሳት ይጠፋሉ፣ ሐይቆችና ረግረጎች በረዶ ይሆናሉ። በዚያ የተፈለፈሉ ወፎች ምግብ ፍለጋ ወደ ደቡብ ይሰደዳሉ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ወደ አገራችን ይገባሉ፤ ብዙዎቹ እስከ የካቲትና መጋቢት ቆይተው ወደ መጡበት ይመለሳሉ።

እንደ ንስርና ሽመላ ያሉ ትላልቅ ወፎች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ፣ ከመሬት በሚነሣ ሞቃት አየር ላይ ተንሳፍፈው ነው የሚጓዙት። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማይገኝ ጠባብ መሻገሪያ ይመርጣሉ። ከመሻገሪያዎቹ አንዱ በየመንና በጅቡቲ መካከል ያለው ባብ ኤል መንደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው በጅቡቲ በኩል በተደረገ ቆጠራ፣ በአንድ ወር ከጥቂት ቀን ውስጥ 250,000 የሚጠጉ አዳኝ ወፎች ወደ አፍሪካ ሲሻገሩ ተመዝግበዋል። ከስምጥ ሸለቆና ከቀይ ባሕር ጋር የሚሄደው ይህ የጉዞ መስመር፣ እንዲህ ላሉ ተንሳፋፊ ወፎች በዓለም ሁለተኛው ትልቅ መንገድ ነው። 37 ዓይነት የሚሆኑ፣ ቁጥራቸው ከ1.5 ሚሊዮን በላይ የሆነ ተንሳፋፊ ወፎች በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ያልፉበታል። አገራችን በዚህ መንገድ ላይ ናት። እስካሁን በኢትዮጵያ ከ860 በላይ የወፍ ዝርያዎች መመዝገባቸው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ግሪሳና እንግዳ ወፍ አንድ አይደሉም

አርሶ አደሩ ወፍን በጥርጣሬ ቢያይ አይፈረድበትም። ግሪሳ በመንጋ ሲያርፍ የአንድን ቤተሰብ የዓመት ቀለብ በጥቂት ቀናት ይጨርሳል። ነገር ግን ግሪሳ የአፍሪካ ወፍ ነው፤ ከአውሮፓ አይመጣም። በመጸው የሚመጡትን እንግዶች ከግሪሳ ጋር አንድ ላይ ማየት ወዳጅን ከጠላት እንደመደባለቅ ነው።

ለምሳሌ በመስከረምና በጥቅምት ከከብቶች እግር ሥር የማትጠፋውን፣ ሆዷ ቢጫ የሆነውን፣ ጭራዋን ሽቅብ ቁልቁል የምትነቀንቀውን ትንሽ ወፍ እንውሰድ። ይህች ወፍ ከብቱ ሲራመድ ከሣሩ የሚነሡትን ዝንቦችና ትናንሽ ነፍሳት እየለቀመች ትኖራለች። እህል አትነካም። ነጩ ሽመላ አንበጣ፣ ፌንጣና ተምች ይበላል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜንና በምሥራቅ ኢትዮጵያ የደረሰውን የአንበጣ ወረርሽኝ ያየ አባል የዚህን ጥቅም ለመረዳት አይቸገርም። ሽመላ ብቻውን የአንበጣ መንጋ ያጠፋል ማለት ግን አይደለም፤ በደህናው ዓመት ቁጥሩ እንዳይበዛ ከሚያግዙት አንዱ ነው። በታጨደ ማሳ ላይ ዝቅ ብሎ ወዲያና ወዲህ የሚያንዣብበው፣ ክንፉ ረጅምና ቀጭን የሆነው ጭልፊት መሰል ወፍም አይጥና ትናንሽ ወፎችን ይይዛል። አይጥ ለመግደል ወይም ግሪሳ ለማጥፋት የሚረጭ መርዝ እነዚህን ወዳጆች አብሮ እንደሚገድል ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሁሉም እንግዳ ግን ምንም አይነካም ማለት ስህተት ይሆናል። ክሬን የሚባሉት፣ አንገታቸውና እግራቸው የረዘመ ግራጫ ወፎች በጥቅምትና በኅዳር ከአውሮፓ መጥተው በጣና ዙሪያና በቢሾፍቱ አካባቢ ይከርማሉ። በፊንላንድ የሳተላይት መከታተያ የታሰረላቸው ክሬኖች እስከ ኢትዮጵያ መድረሳቸው ተረጋግጧል። እነዚህ ወፎች ቀን በማሳ ላይ የወደቀ እህል ይለቅማሉ፤ ሽምብራና ሌላ ቡቃያም ይነካሉ። ማታ ግን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ስለዚህ የአርሶ አደሩና የእንግዳው ግንኙነት ጥቅምም ወጪም አለው።

ወደ ሐሸንጌ የሚደረግ ጉዞ

በትግራይ ደቡባዊ ጫፍ፣ ከማይጨው አልፎ ወደ ኮረም ሲኬድ የሚገኘው ሐሸንጌ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በተራሮች ተከቦ የተኛ ነው። ርዝመቱ 5 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ለወፎች ጠቃሚ ናቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 69 የአገሪቱ ቦታዎች ሐሸንጌ አንዱ ነው። አጠገቡ ያለው የሁጉምቡርዳና ግራት ካሕሱ ደንም በዚያው ዝርዝር ውስጥ ይገኛል።

ከመቀሌ የሚነሣ ቡድን ጉዞውን በሁለት ቀን ቢያቅድ ይመረጣል። በመጀመሪያው ቀን መንገድ ላይ በዓዲ ጉዶም አቅራቢያ ጉምሰላሳ ግድብን ማየት ይችላል። ይህ ግድብ በ1980ዎቹ መጨረሻ በትግራይ ከተሠሩት አነስተኛ የመስኖ ግድቦች አንዱ ነው። በዚያን ጊዜ በአሥር ዓመት ውስጥ 500 ግድብ ለመሥራት ታቅዶ ነበር፤ የተሠሩት ግን ከዕቅዱ እጅግ ያነሱ ናቸው። ከተሠሩትም ብዙዎቹ በደለል መሞላትና በውሃ ስርገት ተጎድተዋል። እንዲያም ሆኖ በመጸው ወራት ዳክዬዎችና ረጃጅም እግር ያላቸው የጭቃ ወፎች እንዲህ ባሉ ግድቦች ላይ ያርፋሉ። ቡድኑ ደለሉ የት ድረስ እንደገባ፣ ወፎቹም የትኛውን ጥግ እንደመረጡ አብሮ ቢያይ ትልቅ ትምህርት ያገኛል። ከዚያ አምባ አላጌን አቋርጦ ማይጨው ያድራል።

በሁለተኛው ቀን ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር መገኘት ያስፈልጋል። ወፎች በብዛት የሚመገቡትና በደንብ የሚታዩት በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሰዓታት ነው፤ ረፋዱ ላይ ነፋስ ሲነሣ ውሃው ይናወጣል፣ መቁጠርም ያስቸግራል። ጠዋት በምሥራቅ በኩል ባለው ዳርቻ ቢቆም ፀሐይ ከጀርባ ስለምትሆን የወፎቹ ቀለም ይለያል። ጋቢም ሆነ ካፖርት መያዝ ግድ ነው፤ የኅዳር ጠዋት በዚያ ከፍታ ላይ ብርዱ ያንቀጠቅጣል።

በሐይቁ ላይ በመጀመሪያ ዓይን የሚገባው ምንቃሩ እንደ አካፋ ጫፉ የሰፋ ዳክዬ ነው። ከሰሜን የሚመጣው ይህ እንግዳ ምንቃሩን ውሃው ላይ እያንሸራተተ፣ ደቃቅ የውሃ ነፍሳትንና ዘር እያጣራ ይበላል። ወንዱ በራሱ አረንጓዴነት፣ በደረቱ ነጭነትና በጎኑ ቀይ ዳማነት ይታወቃል። ከእርሱ ጋር ሌሎች ዳክዬዎች፣ እየጠለቁ ዓሣ የሚይዙ ባለ ጉትዬ ወፎችና ግንባራቸው ነጭ የሆነ ጥቋቁር የውሃ ወፎች ሊታዩ ይችላሉ። በዳርቻው ሣር ላይ ደግሞ የአገሩ ነዋሪዎች የግብፅ ዝይና በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚገኘው፣ ከጉሮሮው ሥር ትንሽ ሥጋ የሚንጠለጠልበት ምንቃረ ቆልማማ ወፍ ይሰማራሉ። ከሰዓት በኋላ ወደ ደኑ ጠርዝ ቢወጣ ከገደሉ በሚነሣው ሞቃት አየር ላይ የሚንሳፈፉ ንስሮችንና ጥንብ አንሳዎችን ማየት ይቻላል።

አቆጣጠሩስ እንዴት ነው? ቡድኑ አምስት አምስት ሰው ሆኖ ይከፈላል። አንዱ በሩቅ ማያ መነጽር ያያል፣ አንዱ ይቆጥራል፣ አንዱ ይጽፋል፤ የቀሩት ሁለቱ ከሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ጋር ይነጋገራሉ። ብዙ ወፍ ሲኖር አንድ በአንድ መቁጠር አይቻልም። አሥር ወፍ ተቆጥሮ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ በዓይን ይለካል፤ ከዚያ ያ ስፋት በመንጋው ላይ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ይቆጠራል። አውድማ ላይ ያለን ክምር አይቶ ስንት ኩንታል እንደሚወጣው የሚገምት አርሶ አደር ይህን ለመልመድ አንድ ጠዋት ይበቃዋል። በመዝገቡ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የቆሙበት ቦታና የውሃው ደረጃ መስፈር አለባቸው። በሚቀጥለው ዓመት ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ሳምንት፣ በዚያው መንገድ ካልተቆጠረ ቁጥሩ ከቁጥር ጋር አይወዳደርም።

ከነዋሪዎች ጋር የሚደረገው ንግግር ከቆጠራው ባልተናነሰ ይጠቅማል። በሽማግሌዎች ወጣትነት ውሃው የት ይደርስ ነበር? የትኛው ወንዝ ደለል ያመጣል? የሚያዘው ዓሣ ትልቅነቱ እንዴት ነው? መልሱ በዚያው መዝገብ ይሰፍራል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት እንዲህ ያሉ ጉዞዎች የማይታሰቡ ነበሩ። ዛሬም ቢሆን ማንኛውም ቡድን ከመነሣቱ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ ከሚመለከታቸው አስተዳደሮች ጠይቆ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ሁኔታው ካልፈቀደ ቆጠራው በየማኅበሩ አጠገብ ባለ ግድብ ላይ ሊጀመር ይችላል።

መውጫ የሌለው ሐይቅ

ሐሸንጌ ከተራሮቹ የሚወርዱ ጅረቶች ይገቡበታል፤ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ይህ ለአርሶ አደሩ ምን ማለት ነው? ከማሳ የታጠበ አፈር፣ ማዳበሪያና የአረም መድኃኒት ሐይቁ ከገባ በኋላ የሚያስወጣው የለም። በትግራይ 32 ግድቦች ላይ የተደረገ የዩኒቨርሲቲ ጥናት በብዙዎቹ ውሃ ውስጥ መርዝ ማመንጨት የሚችል አረንጓዴ የውሃ ዝቃጭ መኖሩን አሳይቷል። እንዲህ ያለ ዝቃጭ የሚበዛው ከማሳና ከከብት ፍግ የሚታጠብ ንጥረ ነገር ሲበዛ ነው። ያንን ውሃ ከብቱም ይጠጣዋል።

የሌሎች ሐይቆች ታሪክ ማስጠንቀቂያ ነው። በምሥራቅ ሐረርጌ የሐረማያ ሐይቅ የዳክዬና የፍላሚንጎ መዋያ ነበር። የሐረር ከተማም የመጠጥ ውሃዋን ከዚያ ታገኝ ነበር። ለአትክልትና ለጫት መስኖ ያለ ልክ በፓምፕ መቀዳቱ፣ የከተማው ፍጆታና ከተራቆተው ተራራ የወረደው ደለል ተደማምረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁን አደረቁት። በፓምፕ ሲያጠጣ የነበረው አርሶ አደር ጉድጓድ መቆፈር፣ ሐረርም ውሃ ከሩቅ ማምጣት ግድ ሆነባቸው። ከዓመታት በኋላ ውሃው በከፊል ተመልሷል፤ የጠፋውን ምርትና የወጣውን ገንዘብ ግን የመለሰ የለም።

በስምጥ ሸለቆ ያለው አቢጃታ ሐይቅም እንዲሁ ነው። ወደ እርሱ የሚፈሰው ውሃ ለመስኖ በመጠለፉና ከሐይቁ ለሶዳ አሽ ምርት ውሃ በመቀዳቱ ካለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ወዲህ የስፋቱን ግማሽ ያህል አጥቷል። ውሃው ሲቀንስ ጨውነቱ በረታ፣ ዓሣው አለቀ። በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ እየፈለፈሉ አቢጃታ ድረስ መጥተው ዓሣ ይይዙ የነበሩት ፔሊካኖችም ምግባቸውን አጡ። ዓሣ በሊታው ወፍ መጥፋቱን አይቶ «ምን ነካው?» ብሎ በጊዜ የጠየቀ ቢኖር ኖሮ ምልክቱ በሰማይ ላይ ነበር።

የዳርቻው መሬት የማን ነው?

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። በመጸው ውሃው ሲሸሽ ዳርቻው ላይ እርጥበት ያለው ለም መሬት ይወጣል። መሬት ያጣ ወጣት ያንን ቢዘራ ምን ይፈረድበታል? ነገር ግን ያ ዳርቻ ሣሩ ካለ ደለል ያጣራል፣ ወፎች ያርፉበታል፣ ከብት ይግጥበታል። ከታረሰ የሚቀጥለው ክረምት አፈሩን ጠርጎ ሐይቁ ውስጥ ይከተዋል። «ዳርቻው አይታረስ» ማለት ቀላል ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ዳር ላይ ያለው አንድ ቤተሰብ ነው። ጥቅሙ የሁሉ ከሆነ ወጪውም የሁሉ መሆን አለበት። ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚያስፈልገውም ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ነው።

በሰሜን እስራኤል የሑላ ሸለቆ አርሶ አደሮች ተመሳሳይ ችግር ገጥሟቸው ነበር። ሐይቃቸው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለእርሻ ተብሎ ደረቀ፤ መሬቱ ሲበላሽ እ.ኤ.አ. በ1994 ከፊሉ እንደገና ውሃ እንዲሞላ ተደረገ። ክሬኖች በአሥር ሺዎች መጥተው ማሳውን ወረሩት። አርሶ አደሮቹ ከተፈጥሮ ጥበቃ ተቋማት ጋር ወጪ ተጋርተው ለወፎቹ በአንድ የተለየ መስክ በቆሎ መበተን ጀመሩ፤ ወፎቹም ከሌላው ማሳ ራቁ። ጎብኚዎች በትራክተር በሚጎተት ጋሪ ተጭነው ወፎቹን በቅርብ ያያሉ፣ ይከፍላሉም። ይሁንና ብዙ ወፍ በአንድ ቦታ መከማቸቱ ጣጣ እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ታይቷል፤ የወፍ ጉንፋን ገብቶ ከ5,000 በላይ ክሬኖች ሞተዋል። ስለዚህ በሐይቅ ዳር የሞተ ወፍ ያገኘ ሰው በእጁ ሳይነካ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ፣ ዶሮዎቹንም ከዚያ ማራቅ አለበት።

ከዩኒየኑ ምን ይጠበቃል?

ለማኅበረሰብ ማሰብ ከሰባቱ የኅብረት ሥራ መርሆዎች የመጨረሻው ነው። ከዚህ አንጻር የሚከተሉት ሦስት ነጥቦች ለጠቅላላ ጉባኤ ውይይት ቢቀርቡ መልካም ነው።

አንደኛ፣ ዩኒየኑ ጥቂት የሩቅ ማያ መነጽሮችና አንድ ቋሚ መዝገብ አዘጋጅቶ፣ ማኅበራት በየተራ በመጸው የሚሄዱበትን የቆጠራ ጉዞ ቢጀምር። ከዓለም አቀፉ የስደተኛ ወፎች ቀን አንዱ በየዓመቱ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር ሁለተኛ ቅዳሜ ስለሚከበር ቀኑ ከዚያ ጋር ሊገጥም ይችላል። ተማሪ ልጆች አብረው ቢሄዱ መዝገቡ ወራሽ ያገኛል።

ሁለተኛ፣ በሐይቅና በግድብ ዳር ያሉ ማኅበራት ከጣቢያውና ከቁሸቱ ነዋሪ ጋር ተመካክረው ሳይታረስ የሚቆይ የሣር ዳርቻ ቢከልሉ። መሬቱን ለሚለቁት ቤተሰቦች የሣር አጨዳው፣ የዓሣ ማስገሩና ለጎብኚ መንገድ የመምራቱ ሥራ ቅድሚያ ቢሰጣቸው፤ እስኪቋቋሙ ድረስም ዩኒየኑ የዘርና የብድር ድጋፍ ቢያደርግላቸው።

ሦስተኛ፣ የመርጫ መሣሪያ በሐይቅም ሆነ በግድብ ውሃ ውስጥ እንዳይታጠብ፣ ባዶ የመድኃኒት ዕቃም ዳርቻ ላይ እንዳይጣል በመተዳደሪያ ደንብ ቢወሰን። በተራራው ላይ በነፃ የጉልበት ሥራ የሚሠራው እርከንም በቅድሚያ ወደ ሐይቅ በሚፈስሱት ተፋሰሶች ላይ ቢያተኩር።

የወረዳና የክልል ኃላፊዎችም ድርሻ አላቸው። ማኅበራት የሚያመጡት መዝገብ ፋይል ውስጥ ተቀምጦ እንዳይቀር፣ የፓምፕ ፈቃድ ሲሰጥና የዳርቻ መሬት ሲደለደል እንደ መረጃ ሊታይ ይገባል። ቆጥሮ ያመጣው አርሶ አደር ቁጥሩ ከውሳኔ ላይ ሲደርስ ካላየ በሁለተኛው ዓመት አይመለስም።

በዚህ መጸውም ከሩቅ አገር የተነሡት ዳክዬዎች መንገዳቸውን ይዘው ይመጣሉ። የሚያርፉበት ውሃ ሐሸንጌንና ግድቦቹን ከከበቡት ማሳዎች በሚወርደው አፈርና መድኃኒት ልክ ይጠራል ወይም ይደፈርሳል። የሚቆጥራቸው ሰው ዳር ላይ ቢጠብቃቸው፣ በሚቀጥለው የምሥረታ በዓል ላይ ከማዳበሪያውና ከትርፍ ክፍፍሉ ሪፖርት ጎን የሐይቁም ሪፖርት ይቀርባል።

መልካም በዓል! መልካም የምርት ዘመን!